የአማቱን ድንጋጤ የዳኘው ሰው

አንድ ሰው ነበር። አዳማ ውስጥ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከሚስቱ ጋር የሚኖር፣ ማተሚያ ቤት ተቀጥሮ የሠርግ መጥሪያ የሚያዘጋጅ፣ ሰው የማይነካ ሰው። ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል? ይሳለማል። ይጾማል? ይጾማል። ጎረቤት ሲታመም ይጠይቃል። እንዲህ ያለውን ሰው ታውቁታላችሁ። ምናልባት አሁን አጠገባችሁ ተቀምጧል። ምናልባት እናንተው ናችሁ።

ይህ ሰው አስፈሪ ፊልም ይወድ ነበር።

መውደድ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ይዳኛል። ስልኩ ላይ የከፈተው ቻናል አለው። ፊልሙን አይቶ ሲጨርስ ካሜራ ፊት ይቀመጥና «ችሎቱ ተሰይሟል!» ብሎ ይጀምራል። «ይህች ጠንቋይ ታስፈራለች ወይስ ታስቃለች? ይህ ደም ነው ወይስ የቲማቲም ድልህ?» ከዚያ ከዐሥር ነጥብ ይሰጣል። ተከታዮቹ «ዳኛው» ይሉታል። እኔ ናሁሰናይ እለዋለሁ። ታሪኩን እንድነግራችሁ እሱም ቤተሰቡም ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን ለውጬዋለሁ።

ፈረንጆቹ በእኛ ጥቅምት ሃያ አንድ ገደማ ሃሎዊን የሚሉት በዓል አላቸው። ጭምብል ያጠልቃሉ፤ በራቸው ላይ የዐፅም ሥዕል ይሰቅላሉ። ከዚያ በፊት ያለውን ወር ደግሞ ብዙዎቹ አስፈሪ ፊልም ሲያዩ ይከርማሉ። ናሁሰናይም መስቀል ካለፈ በኋላ «ሠላሳ አንድ ቀን፣ ሠላሳ አንድ ፊልም!» ብሎ ለተከታዮቹ ቃል ገባ።

በመጀመሪያው ሳምንት እሱም ይደነግጥ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት መደንገጡን ተወ። በሦስተኛው ሳምንት ሰው ሲታረድ እያየ ቆሎ ይቆረጥማል። «ጩኸቷ አላሳመነኝም፤ ሦስት።» «አሟሟቱ ተንዛዛ፤ አራት።» ሚስቱ ምንትዋብ ከጓዳ ብቅ ትልና «ደግሞ ዛሬም?» ትለዋለች። «ሥራ ነው» ይላታል።

ሥራ ነው። ወገኖቼ፣ ልብ ሲደነድን ድምፅ የለውም። እንጀራ ሲደርቅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ልብም እንደዚያው ነው። ቀን በቀን፣ ትንሽ በትንሽ፣ ማንም ሳይሰማ።

ተከታዮቹ ግን እየሰለቹ ሄዱ። አንዱ እንዲህ ብሎ ጻፈለት፦ «ዳኛው፣ አንተ እኮ አትደነግጥም። የሚደነግጥ ሰው አሳየን!» ሌሎቹም ተቀበሉት። የሚደነግጥ ሰው አሳየን፣ የሚደነግጥ ሰው አሳየን።

የሚደነግጥ ሰው ቤቱ ውስጥ ነበር።

አቶ ወንድይራድ የምንትዋብ አባት ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከልጃቸው ዘንድ ይኖራሉ። ሰባ ዓመት የሞላቸው፣ ለሰው መንገድ የሚለቁ፣ ዝምተኛ ሽማግሌ። አንድ ጠባይ አላቸው፤ በር ሲዘጋ አይወዱም። የመኝታ ክፍላቸውን ገርበብ አድርገው ነው የሚተኙት። ሬዲዮ ጮክ ብሎ ሲከፈት ደግሞ ምንም ሳይናገሩ ተነሥተው ይወጣሉ። ናሁሰናይ ይህን ሦስት ዓመት ሙሉ አይቷል። «እርጅና ነው» ብሎ አልፎታል። አንድ ቀን እንኳ «አባባ፣ ለምን?» ብሎ አልጠየቀም።

አንድ እሑድ፣ ከምሳ በኋላ፣ ምንትዋብ ጎረቤት ክርስትና ተጠርታ ሄደች። ናሁሰናይ የአማቱን በር ቆረቆረ።

«አባባ፣ ይምጡ እስቲ ፊልም እንይ።»

ሽማግሌው ምን ያህል ደስ እንዳላቸው ባያችሁ! የሚያጫውታቸው ሰው ስላገኙ ነው ደስታቸው። ጋቢያቸውን አስተካክለው ሶፋው ላይ ተቀመጡ።

«የምን ፊልም ነው ልጄ?»

«የቤተሰብ ታሪክ ነው አባባ። ጥሩ ነው።»

ዋሸ። መጋረጃውን ጎተተ። ስልኩን ከአበባ ማስቀመጫው ጀርባ ደግፎ አቆመ። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገ።

ፊልሙ ላይ አንዲት ልጅ ምድር ቤት ውስጥ ተቆልፎባታል። በሩን ትደበድባለች። ትጮኻለች። ማንም አይከፍትላትም።

አቶ ወንድይራድ መጀመሪያ ተቀምጠው ተመለከቱ። ከዚያ ብድግ አሉ። ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደው በሁለት መዳፋቸው መስተዋቱን ይደበድቡት ጀመር።

«ክፈቱላት! ክፈቱላት እንጂ! ልጅ እኮ ናት!»

ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ዞረው በር ፈለጉ። አንገታቸውን ዳሰሱ፤ ደረታቸውን ዳሰሱ፤ ኪሳቸውን ገለበጡ። የሚፈልጉትን አጡት። ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ።

ናሁሰናይ ምን አደረገ? ሮጦ ደገፋቸው? ቴሌቪዥኑን አጠፋው?

ሳቀ። ቪዲዮው እንዳይበላሽበት አፉን በእጁ አፍኖ ሳቀ። የበቃው ሲመስለው ነው ተነሥቶ ያጠፋውና ውሃ ያቀበላቸው።

«ፊልም እኮ ነው አባባ!»

ሽማግሌው ዙሪያቸውን ተመለከቱ። «አዎ» አሉ፣ «ለካ ፊልም ነው።» ግድግዳውን ተደግፈው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ናሁሰናይ እዚያው ሶፋው ላይ ተቀምጦ ቪዲዮውን ለቀቀው። ከሥሩም ፍርዱን ጻፈ፦ «ፊልሙ፣ አራት። አማቴ፣ ዘጠኝ ተኩል። ግማሿን የቀነስኩባቸው ቴሌቪዥኔን ሊሰብሩብኝ ስለነበር ነው።»

በሦስት ቀን ውስጥ ከመቶ ሺሕ በላይ ሰው አየው። ሳቁ። እየተቀባበሉ ላኩት። «ክፈቱላት!» የሰፈር ቀልድ ሆነ። ናሁሰናይ በሕይወቱ እንደዚያ ሳምንት ተወድሶ አያውቅም።

ረቡዕ ዕለት አቶ ወንድይራድ ለቅሶ ሊደርሱ ወጡ። ድንኳኑ ጥግ ላይ ጥቂት ጎረምሶች ስልክ ከበው ይሳሳቃሉ። ሽማግሌው ከስልኩ ውስጥ የሚወጣ ድምፅ ሰሙ። የራሳቸው ድምፅ ነው። ቀና ሲሉ አንደኛው አያቸውና «እንዴ! አባባ ክፈቱላት!» አለ። ክፋት የለበትም ልጁ፤ እንዲያውም አብረውት ፎቶ እንዲነሡ ለመናቸው።

«እስቲ አሳየኝ» አሉት።

አሳያቸው። ራሳቸውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዩት። የተጻፈውንም ልጁ አነበበላቸው። ስልኩን መልሰው ሰጡት፣ አመሰገኑት፣ በእግራቸው ወደ ቤት ተመለሱ።

ናሁሰናይ ከሥራ ሲገባ አማቱ ጠረጴዛው ዘንድ ተቀምጠው አገኛቸው። ምንትዋብ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ባሏን ቀና ብላ አላየችውም።

«ተቀመጥ ልጄ» አሉት። «ዘጠኝ ተኩል ሰጠኸኝ አሉ።»

«አባባ፣ ጨዋታ እኮ ነው... አሁኑኑ አጠፋዋለሁ...»

«ቆይ። ዳኛ ሳይሰማ አይፈርድም። አንተ ሳትሰማኝ ነው የፈረድክብኝ። አሁን ስማና እንደገና ፍረድ።»

ተናገሩ። ምንትዋብም እንደ እሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሰማችው።

«በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በዚያ የመከራ ዘመን፣ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። የቀበሌ ዘበኛ ነበርኩ። የእህል መጋዘኑን እስር ቤት አደረጉትና ቁልፉን እኔ አንገት ላይ አንጠለጠሉት። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ አመጡ። ሙሉእመቤት ትባላለች፤ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። አስም ነበረባት። 'ጋሼ፣ በሩን ትንሽ ገርበብ አድርግልኝ፣ አየር ብቻ ላግኝ' አለችኝ። ጋሼ አለችኝ። እኔ ራሴ ልጅ ነበርኩ። እስረኛ ሲጮኽ ሬዲዮኑን ከፍ አድርግ የሚል ትእዛዝ ነበረኝ። ከፍ አደረግሁት። ከቀትር ጀምሮ በሩን ስትደበድብ ዋለች። ወደ ዐሥራ አንድ ሰዓት ግድም ዝም አለች። ዝም ስትል ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? ተመስገን አልኩ። አረፍኩ አልኩ። ኋላ በሩን ስንከፍተው...»

አልጨረሱትም። ማንም ጨርሱ አላላቸውም።

«ለንስሐ አባቴ ተናግሬአለሁ። ለልጄ ግን እንዴት ብዬ? ዐርባ ሰባት ዓመት ዋጥኩት። እሑድ ዕለት ያቺ ልጅ ስትጮህ የት እንዳለሁ ጠፋኝ። አሁን እንኳ ልድረስላት ብዬ ነው የተነሣሁት። ለካ ቁልፉም የለኝ። ልጄ፣ አንተ የቀረጽከው ድንጋጤ አይደለም። ኀፍረቴን ነው የቀረጽከው።»

ከዚያ ቀና ብለው አዩት።

«በል ፍረድ። ቁልፉ እያለኝ ያልከፈትኩ ሰው ነኝ። ከዐሥር ስንት ትሰጠኛለህ?»

ናሁሰናይ ለስንቱ ሞት ነጥብ የሰጠ ሰው ነው። አሁን ቃል አጣ። ለምን? አማቱን ስለተጠየፈ ይመስላችኋል? አይደለም። ራሱን ስላየ ነው። ሰው ከፊቱ ሲጮኽ እሱም ድምፅ ከፍ አድርጓል። እሳቸው ጠመንጃ የያዘ አዝዟቸው ነበር። እሱን ማን አዘዘው?

እግራቸው ላይ ወደቀ። «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ!»

«ተነሥ» አሉት። «እኔ ወድቄ ነው ያረጀሁት። አንተ ገና ነህ፤ ተነሥ።»

ቪዲዮውን አጠፋው። ግን ጠፋ? አልጠፋም። ከእጁ ወጥቶ በሰው እጅ ገብቷል። ካሜራ ፊት ተቀምጦ «እኒያ ሰው አባቴ ናቸው። ዋሽቼ አስቀምጬ ነው የቀረጽኳቸው። የማይገባ አድርጌአለሁና ያላችሁ እባካችሁ አጥፉልኝ» አለ። የአማቱን ምሥጢር አልተነፈሰም። አንዳንዱ አጠፋለት። አንዳንዱ ዘለፈው። አንዱማ ይቅርታውን ራሱን ቀልድ አድርጎ ለቀቀው። ናሁሰናይ ቻናሉን ዘጋ። ዛሬም ታክሲ ውስጥ የሆነ ሰው ስልክ ላይ ያ ድምፅ ሲሰማ ፊቱ ይቃጠላል፤ ፌርማታው ሳይደርስ ወርዶ የሚሄድበት ቀን አለ።

በኅዳር ወር ሦስቱም ያ መጋዘን ወደነበረባት ከተማ ሄዱ። አቶ ወንድይራድ ናቸው «ውሰዱኝ» ያሉት። ጠይቀው፣ አጠያይቀው የሙሉእመቤትን ታናሽ እኅት አገኟት፤ እሷም አርጅታለች። ሽማግሌው ደጃፏ ላይ ቆመው የሆነውን ነገሯት። ናሁሰናይ የአማቱን ክንድ እንደያዘ መሬት መሬት ያያል።

ሴትዮዋ አልተራገመችም። «ይቅር ብያለሁ»ም አላለችም። «የት እንደሞተች እንኳ የነገረን የለም ነበር» አለች። ቀጥላም «ምን አለች? ያለችውን ንገረኝ» አለች።

ነገሯት። አንዲት ቃል ሳያስቀሩ፣ ጋሼ ያለቻቸውን እንኳ ሳያስቀሩ ነገሯት። ከዚያ ሴትዮዋ ወደ ውስጥ ገብታ አንድ በርጩማ ይዛ ወጣች። ለሽማግሌው አስቀመጠችላቸው። እሷ ግን ቆማ አለቀሰች።

ወገኖቼ፣ ይህን የነገርኳችሁ ስለ ፊልም ልከራከር ብዬ አይደለም። «እኛ ፊልም አናይም» ብላችሁ ራሳችሁን ደግ አድርጋችሁ እንድትመለሱም አይደለም። ፊልም ሳናይ ስንቶቻችን ዳኞች ነን! ለቅሶ ቤት ቁጭ ብለን «እሷ ከልቧ አላለቀሰችም» የምንል። የወደቀ ሰው ስናይ ከእጃችን በፊት ስልካችንን የምንዘረጋ። ምን አውቀን? ማንን ጠይቀን?

ባገራችን ሽማግሌ መንገድ ላይ ወድቆ ልብሱ ቢገለጥ ምን እናደርግ ነበር? ፊታችንን አዙረን ነጠላችንን እንጥልበት ነበር። ገመና ነዋ! ዛሬ ነጠላው የት ሄደ? ዛሬ የገዛ አባታችንን ገመና ከሶፋችን ላይ ሆነን ለመቶ ሺሕ ሰው እንገልጣለን፤ ስንት ሰው እንደሳቀም እንቆጥራለን።

እናንተ ቤት ውስጥ ያለምክንያት የሚደነግጥ ሰው አለ? በሩ ሲንኳኳ የምትበረግግ እናት? ስለ ወታደርነቱ ስትጠይቁት ተነሥቶ የሚወጣ አጎት? አትሳቁበት። «እርጅና ነው» ብላችሁም አትለፉት። ዛሬ ስትመለሱ አጠገቡ ተቀመጡ። ቢነግራችሁ ስሙት፤ ባይነግራችሁም ተቀመጡ። የሳቃችሁበት ሰው ካለም ነገ አትበሉ፤ ዛሬ ሂዱ። ፊታችሁ ይቅላ፤ ሂዱ። ኀፍረት አይገድልም። ኀፍረት ማጣት ነው የሚገድል።

የእናንተስ ገመና? ማንም ያላየው፣ ለንስሐ አባታችሁ እንኳ ለመናገር ምላሳችሁ የሚተሳሰረው? እግዚአብሔር እሱን ስንት ዓመት ሲያየው ኖረ?

ለማን ነገረባችሁ?