የፈንታሁን ድንኳን

ሰሞኑን ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ወጣቶች ስለ ኳስ ይከራከሩ ነበር። አንደኛው ቡድኑ ገና ሳይጫወት ዋንጫውን ቤቱ ሊያስገባ ሲዳዳው፣ ጓደኛው በአንዲት ተረት አፉን አስያዘው። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ረዳቱ «ይቺ የጎጃም ተረት ናት» አለ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ «የለም፣ የጥንት ናት፤ አያቴ ይሏት ነበር» ብለው ማሉ። እኔ የኋላ ወንበር ላይ ተጣብቤ ንዴቴን ዋጥኩ። ተረቲቱ የጎጃምም አይደለችም፣ የጥንትም አይደለችም። የተወለደችው በእኛው ከተማ በዋንዛ በር፣ ዓይኔ እያየ ነው። እንዲያውም ስትወለድ ሱሪዬ እስከ ወገቤ ድረስ ርሶ ነበር። ወላጆቿ በሕይወት እያለን ሌላ ሰው ልጄ ሲላት ዝም ማለት ስላልሆነልኝ፣ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ዋንዛ በር የገበሬ ቀበሌ ነበረች። ትልቁ ከተማ እየሰፋ እየሰፋ መጥቶ ደጃችን ሲደርስ «ከዛሬ ጀምሮ ራሳችሁን የቻላችሁ ከተማ ናችሁ» ተባልን። ማኅተም ተቀረጸልን፣ ሰሌዳ ተሰቀለልን። መብራቱ እንደ ድሮው ይጠፋል፣ ጭቃውም የድሮው ጭቃ ነው፤ እኛ ግን ከተሜ ሆንን። ወዲያው የመጀመሪያው የከተማ ምክር ቤት ምርጫ ታወጀ። ከየሰፈሩ አንድ ሰው ይመረጣል፤ የተመረጡት ተቀምጠው የከተማዋ የመጀመሪያ በጀት ምን ላይ እንደሚውል ይወስናሉ። ነገሩ የእንጀራ ጉዳይ ነውና ሁሉም ጆሮውን አቆመ።

የእኛን ሰፈር የጉርሜ ወንዝ ለሁለት ይከፍለዋል። በአንደኛው ዳር ገበያው፣ ትምህርት ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ አሉ። በሌላው ዳር እኛ አለን። የገበያ ሰፈር ሰዎች «ማዶዎች» ይሉናል። ጉርሜ በበጋ ፍየል የምትዘለው ነገር ነው። ዝናብ ሲጥል ግን ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል፣ ድልድይ ደግሞ የለም።

ለእኛ ሰፈር ወንበር የተወዳደሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ፈንታሁን ነው። አቶ ልለው ይገባኝ ነበር፤ ግን አብረን አፈር ፈጭተን ስላደግን አፌ አይታዘዝልኝም። ፈንታሁን አሸዋና ድንጋይ የሚያመላልሱ ገልባጭ መኪኖች አሉት፣ በገበያ ሰፈርም ፎቅ ጀምሯል። ክፉ ሰው አይደለም። ችኩል ነው። ልጅ ሆነን እንኳ ሳንካፈል የሚጎርስ እሱ ነበር። በጀቱ ከዋናው መንገድ እስከ ፎቁ ደጅ ለሚደርስ አስፋልት እንዲውል ይፈልጋል፤ «ልማት የሚመጣው በአስፋልት ነው» እያለ ይሰብካል።

ሁለተኛዋ የማዶዋ አጸደ ናት፣ ባለ ወፍጮ ቤቷ። ቅንድቧ ላይ ዱቄት የማይጠፋ፣ ነገር የማታስረዝም ሴት ናት። ባሏ የሞተው በነሐሴ ነበር። ሬሳው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊሻገር ሲል ጉርሜ ሞላ። ሳጥኑ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ውሃው እስኪጎድል ወንዙ ዳር ተቀመጠ። አጸደም አብራው ተቀመጠች። የገበያ ሰፈር ዘመዶች በወዲያኛው ዳር ቆመው አለቀሱ፣ እሷ በዚህኛው ዳር አለቀሰች፤ መተቃቀፍ እንኳ አልቻሉም። ያን ያየ ሰው አይረሳውም።

የሁለታችንም ዳር እድር አንድ ነው። እድሩ ከዚያ ሐዘን በኋላ ወፍራም ገመድ ገዛ፤ ከግራና ቀኙ ዋንዛ ጋር እየታሰረ ለቀስተኛ እንዲሻገርበት። ሬሳ በገመድ አይሻገርም፣ ሰው ግን ይሻገራል። ገመዱን ማዶ ባለው ቤታቸው የሚያስቀምጡት የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወርዶፋ ያን ጊዜ «ከእንግዲህ ወንዝ ሞላብኝ ብሎ ከለቅሶ የሚቀር የለም» ብለው ደነገጉ፤ ማንም ቀርቶ አያውቅም። አጸደ ግን ገመዱ አልበቃትም። ድልድይ ሳታይ ላትሞት ማለች። የተወዳደረችውም ለዚያ ብቻ ነው። ፈንታሁን በአንድ ስብሰባ ላይ «አጸደ፣ የድልድዩን ነገር ውሃው ሲጎድል እናወራዋለን» ብሎ ሰው አሳቀባት። እሷ ግን አልሳቀችም።

የምርጫው ቀን ደረሰ። ምርጫ ጣቢያው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው፤ ማለትም ከወንዙ ወዲያ። ሰማዩ ሌሊቱን ሲያወርደው አደረ፣ መብራቱም ኔትወርኩም አብረው ጠፉ። እኛ ማዶዎች ነጭ በነጭ ለብሰን፣ የመራጭነት ካርዳችንን በኪሳችን ይዘን ወንዙ ዳር ስንደርስ፣ ጉርሜ ቡናማ ሆኖ ይጋልባል።

አጸደ ወደ ጋሽ ወርዶፋ ዞረች። «ጋሼ፣ ገመዱን ያውጡልን።»

«አላወጣም ልጄ» አሉ ጋሽ ወርዶፋ። «ገመዱ የእድር ነው፣ የተገዛውም ለለቅሶ ነው። ለምርጫ አውጥቼው አንድ ሰው ውሃ ቢወስድብኝ፣ ለቤተሰቡ ምን ብዬ እነግራለሁ?»

«ድልድይ ካልተሠራ ነገም የሚወስደው እኛኑ ነው።»

«አውቃለሁ። እኔም የምመርጠው አንቺን ነበር። ነገር ግን የእድር ዕቃ ለእድር ነው። ላንቺ ብዬ ሕግ ብጥስ፣ ነገ ለፈንታሁንም ልጥስ ነው።»

አጸደ ሌላውን ሰው አየች። አንዷ ልጇን አቀፈች፣ አንዱ አንገቱን ደፋ። «ለሞት ቢሆን ግዴታ ነው፤ ለድምፅ ብዬ ነፍሴን ለውሃ አልሰጥም» አለ አንድ ጎረቤቴ፣ እውነቱን ነው። አጸደ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የባሏ ሳጥን የተቀመጠባት ድንጋይ ላይ ሄዳ ቁጭ አለች። እንዲህ አንጀቴን የበላችኝ ቀን የለም። እኛም ወደየቤታችን ተመልሰን ከጣሪያችን ጥግ ሥር ዝናቡን ማየት ያዝን።

በወዲያኛው ዳር ፈንታሁን ወንዙን አይቶ እጁን አፋተገ። ማዶ ካልተሻገረ ወንበሩ በእጁ ነው። ሰንጋዎቹ ቀድመው ታርደዋል፣ ጠላው ቀድሞ ተጠምቋል፤ የድል ድግስ ነዋ። አንድ ነገር ብቻ ጎደለው። ከትልቁ ከተማ ያዘዘው ባለ ዘርፍ፣ ባለ መብራት የሰርግ ድንኳን መንገድ ላይ ከነመኪናው ጭቃ ዋጠው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ፈንታሁን እዚያው ገበያ ሰፈር ወዳለው የእድሩ ዕቃ ቤት ገሰገሰ። ዕቃ ጠባቂው ተካልኝ ለሰው እንቢ ማለት የማይችል ምስኪን ነው።

«የእድሩን ድንኳን ስጠኝ።»

«ኧረ ጋሽ ፈንታሁን፣ እሱ እኮ የለቅሶ ነው። ዳኛውም ማዶ ናቸው፣ ማን ይፈቅዳል?»

«ሸራ ሸራ ነው! ዝናብ መከለሉን ነው የምፈልገው። ነገ የምክር ቤት አባል ስሆን ለእድሩ አዲስ እገዛለታለሁ።»

ዝናቡ ከሰዓት በኋላ አባራ። ወንዙም ከደረት ወደ ወገብ ወረደ። በዚያችው ሰዓት በቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ላይ፣ ከማዶ ቁልጭ ብሎ በሚታየው ቦታ፣ የእድሩ ድንኳን ቆመ። ያን ድንኳን የማያውቅ የዋንዛ በር ሰው የለም። ወይቦ አመድ የመሰለ አረንጓዴ ሸራ ነው፤ አንድ ጎኑ ላይ ነጭ እራፊ ተጥፎበታል። ለሰርግ ቆሞ አያውቅም፣ ለክርስትና ቆሞ አያውቅም። እሱ ሲቆም ሰው ሞቷል ማለት ነው።

«ኧረ ማን ሞተ?» የሚል ድምፅ ከአንዱ ጓሮ ተነሣ።

«ጥሩምባ ሰማችሁ?»

«በዚህ የወንዝ ጩኸት ማን ይሰማል! ድንኳኑ አይታያችሁም?»

ስልክ አይሠራ። የሚጠይቁት የለ። ገበያ ሰፈር ውስጥ ዘመድ የሌለው ማዶ የለምና እያንዳንዱ የየራሱን ሰው አሰበ። ጋሽ ወርዶፋ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ፣ የሚያስፈልጋቸው አንድ ቃል ብቻ ነበር። «ገመድ!» አሉ። ጠዋት ከወንዙ ዳር የተመለሰው ሰው ሁሉ፣ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር፣ ነጠላውን ለሐዘን አዘቅዝቆ ወጣ። ገመዱን ወዲያኛው ዋንዛ ላይ ሊያስሩ ከተሻገሩት አንዱ እኔ ነኝ፣ ሱሪዬም የራሰው ያኔ ነው። ሽማግሌዎቹን አዘልን፣ ሴቶቹን መሀል አደረግን። አጸደ ገመዱን በሁለት እጇ ይዛ፣ ቀና ብላ ተሻገረች። ከበሽተኛና ከአራስ በቀር ማዶ በሙሉ ተሻገረ።

ሴቶቹ ከሜዳው ጫፍ ጀምረው ሙሾ እያወረዱ ገቡ። ድንኳኑ በር ላይ ፈንታሁን አዲስ ሱፍ ለብሶ እንግዳ ሊቀበል ቆሟል። በር ላይ የሚቆም ደግሞ ሐዘንተኛው ነው። የመጀመሪያዋ ሴትዮ አንገቱ ላይ ተጠመጠመችበት።

«ወንድሜን! ማንን አጣህብኝ?»

«ማንንም! ልቀቂኝ እንጂ ሴትዮ፣ ሱፌን አረጠብሽው! የሞተ የለም!»

ሙሾው ቀጥ አለ። ወጡ ከጀርባ ይሸታል፣ ሁለት ሰዎች ጥሬ ሥጋ በአፋቸው እንደያዙ ደርቀዋል።

ጋሽ ወርዶፋ ወደፊት ወጡ። «የሞተ ከሌለ ይህ ድንኳን ለምን ተተከለ?»

«የድል ድግስ ነው፣ ጋሼ።»

«የማን ድል?»

«የእኔ ነዋ።»

«ድምፁ ተቆጠረ እንዴ?»

«አልተቆጠረም» አለ ፈንታሁን፣ «ያው ግን…» ብሎ ወደ ወንዙ ሊያመለክት እጁን አነሣ። እጁ እኛን አገኘን። ማዶ ከነሽማግሌው ፊቱ ቆሞ ውሃ ያንጠባጥባል። አጸደ ከመሀል ወጣች፣ ከወገቧ በታች ጭቃ ናት። ፊቷ ላይ የነበረው እንባ ገና አልደረቀም፤ ፈገግታው ግን ቀድሞ መጣ።

«እንኳን ሞት አልሆነ» አለች። «የትምህርት ቤቱ በር ክፍት ነው?»

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባላል፤ ያን ቀን ግን ያስደገሰው ፈንታሁንን ነው። ጋሽ ወርዶፋ ወደ እኛ ዞሩና «ለለቅሶ ብለን ተሻግረናል፣ ሕጋችን አልፈረሰም። እንግዲህ ከመጣን ካርዳችሁን አውጡ» አሉ። ካርዱማ ከጠዋት ጀምሮ በየኪሳችን ነበር። ጫፉ ርሶ ቢሆንም ስማችን ይነበባል። ነጠላችንን አቃንተን በሰልፍ ወደ ትምህርት ቤቱ ወጣን። ሰልፉ ግቢውን ሞልቶ እስከ መንገድ ወረደ። ከፈንታሁን ደጋፊዎች ግማሹ «በልተን እንመርጣለን፣ ማንስ ይቀድመናል» ብለው ከሥጋው ጋር ስለቆዩ፣ ቢላዋቸውን አስቀምጠው ሲሮጡ የደረሱት ከእኛ ጀርባ ነው። በሩም ሰዓቱ ደርሶ ፊታቸው ላይ ተዘጋ።

ቆጠራው አልቆ ውጤቱ በሩ ላይ ሲለጠፍ ገና ዓይን ለዓይን ያስተያይ ነበር። አስመራጩ ሲያነብ መጀመሪያ የፈንታሁንን አነበበ፣ ቀጥሎ የአጸደን። ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም አልሰማም። እልልታው ከትምህርት ቤቱ ተነሥቶ ጉርሜን ተሻገረ፤ ማዶ የቀሩት ጥቂት በሽተኞችና አራሶችም ከየቤታቸው መለሱልን። አጸደን ትከሻችን ላይ አወጣናት። እኔ እንደሷ የከበደኝም፣ እንደሷ የቀለለኝም ሸክም የለም። ላይ ሆና አንድ ነገር ብቻ ደጋገመች፤ «ከእንግዲህ ማንም ወንዝ ዳር አይጠብቅም።» አለቀስኩ፣ አልዋሽም። ሁላችንም አለቀስን።

ያለችውም ሆነ። ዛሬ በጉርሜ ላይ ባጃጅ በሁለት መስመር ይተላለፋል፤ አጸደም ዱቄቷን ገበያ የምታወርደው በዚያው ድልድይ ነው። ግን ተረቲቱ የተነገረችው በዚያው ምሽት ስለሆነ፣ ወደ ድንኳኑ ልመልሳችሁ።

አጸደን ተሸክመን ሜዳው ላይ ስንደርስ ፈንታሁን ድንኳኑ ውስጥ ብቻውን ነበር። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ጉንጩን በእጁ ደግፏል። አጸደ ከትከሻችን ወርዳ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ፈንታሁን፣ ውሃው ጎድሏል» አለችው በቀስታ። «አሁን የድልድዩን ነገር እናውራ?»

ፈንታሁን ጉንጩን ከእጁ ላይ አነሣ። ሳቁ አመለጠው። «የተሠራ ወጥ አይደፋም፣ ግቡ» አለ።

«ቆይ፣ ቅጣትህ ይቀድማል» አሉ ጋሽ ወርዶፋ፤ «የእድር ድንኳን ያለ ዳኛ ፈቃድ ተክለሃል። የድልድዩን ድንጋይ በገልባጮችህ ታመላልሳለህ።»

«አመላልሳለሁ፣ ጋሼ። ተካልኝን ግን ማሩልኝ።»

ተካልኝም ተማረ። ገባን፣ የእድሩ አግዳሚዎች ላይ እንደ ልማዳችን በየዕድሜያችን ተደርድረን ተቀመጥን። በለቅሶ ሥርዓት ተቀምጠን የድል ሰንጋ በላን። ፈንታሁንም ከልቡ እያሳለፈ አበላን።

ያን ጊዜ አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እያለከለከች ገባች። ከሩቅ መንደር ድንኳኑን አይታ የመጣች ናት። ሳቁን ሰማች፣ ሥጋውን አየች፣ ግራ ገባት። ከዚያ በሩ ላይ ሳህን ይዞ የቆመውን ፈንታሁንን አይታ፣ «እግዜር ያጥናህ ወንድሜ፣ ለመሆኑ የሞተው ማን ነው?» አለች። ጋሽ ወርዶፋ የያዙትን ጠላ አስቀምጠው፣ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው፣ «የሞተስ የለም ልጄ፤ ድምፅ ሳይቆጠር የደገሰ፣ በገዛ ድንኳኑ ለቅሶ ደረሰ» አሏት።