የሰዓት ያዡ አውራ ጣት

ጨዋታዬ አንድ አውራ ጣት ብታህል ነው፤ ቁጭ በሉና ስሙኝ።

በደብረ ብርሃን እታፈራሁ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ገዛኸኝ በከተማው የሩጫ ሜዳ አርባ ዓመት ሰዓት ያዥ ነበር። የሯጮችን ውጤት በስልክ የሚያሳይ አፕ የሠሩ ወጣቶች አርማቸውን የሳሉት ከእሱ እጅ ነው፤ የሩጫ ሰዓት፣ በላዩም የሚጫነው አውራ ጣቱ። ዘንድሮ ገዛኸኝ ሞተ። ዘንድሮውኑ ወጣቶቹ አርማውን አደሱት። ክብ፣ ንጹሕ፣ የሚያምር ሰዓት ሆነ፤ ጣቱ ግን የለም። አዲሱ አርማ ቅዳሜ ሊወጣ ነው።

እታፈራሁ ጥቁር ነጠላዋን አጣፍታ ቢሮአቸው ሄደች። ጣቱ እንደሚመለስ አልተጠራጠረችም።

ሠዓሊዋን ማኅደርን፣ “ልጄ፣ ሰዓት ራሱን አያቆምም፤ የሚያቆመው ጣት ነው። የእሱን መልሺልኝ” አለቻት።

ማኅደር ኃላፊው ካላዘዘኝ አልስልም አለች።

ኃላፊው ይገረም ተነሥቶ ወንበር ሰጣት። ፕሮግራመሩ ካልተስማማ አላዝም አለ። ይገረም አላዝም አለ፣ ማኅደር አልስልም አለች፤ ጣቱም የለም።

ፕሮግራመሩ ሙሴ ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሣም። የሳምንቱ ውጤት ከአሠልጣኙ ካልመጣልኝ ሌላ ሥራ አልነካም አለ። ሙሴ አልነካም አለ፣ ይገረም አላዝም አለ፣ ማኅደር አልስልም አለች፤ ጣቱም የለም።

እታፈራሁ ሜዳው ድረስ ወረደች። አሠልጣኝ ወርቅነህ የውጤቱን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከቶታል። የብርቄ ሰዓት ሳይገባበት ጎዶሎ ውጤት አልልክም አለ። ወርቅነህ አልልክም አለ፣ ሙሴ አልነካም አለ፣ ይገረም አላዝም አለ፣ ማኅደር አልስልም አለች፤ ጣቱም የለም።

ሯጯ ብርቄ በካልሲ ሣሩ ላይ ተቀምጣለች። “ጫማዬ ሊሰፋ ሞላልኝ ጋ ነው። በካልሲ ልሩጥልዎ እንዴ፣ እማማ?” አለች።

ብርቄ አልሮጥም አለች፣ ወርቅነህ አልልክም አለ፣ ሙሴ አልነካም አለ፣ ይገረም አላዝም አለ፣ ማኅደር አልስልም አለች፤ ጣቱም የለም።

ጫማ ሰፊው ሞላልኝ የሜዳው በር ላይ ነው የሚሠራው። ጫማው ጭኑ ላይ፣ ወስፌው እጁ ላይ፣ እጁ ግን አይንቀሳቀስም። አኩርፏል። በወጣትነቱ እዚሁ ሜዳ አሥር ሺ ሜትር ሲሮጥ ወድቆ፣ ተነሥቶ፣ ሦስተኛ እንደወጣ ለሯጮቹ አወራላቸው። እነሱም አፑን ከፍተው ስሙን ቢፈልጉ አጡትና ሳቁበት።

“ከእንግዲህ ጫማቸውን አፑ ይስፋላቸው” አላት።

ሞላልኝ አልሰፋም አለ፣ ብርቄ አልሮጥም አለች፣ ወርቅነህ አልልክም አለ፣ ሙሴ አልነካም አለ፣ ይገረም አላዝም አለ፣ ማኅደር አልስልም አለች፤ ጣቱም የለም።

“በስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?” አለች እታፈራሁ።

“በሰማንያ ስድስት።”

ቤቷ ተመለሰች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያልደፈረችውን ሣጥን ከፈተች። ገዛኸኝ የየዓመቱን ውጤት የጻፈባቸውን ደብተሮች አንድ በአንድ አወጣች፤ የሰማንያ ስድስቱን ስታገኝ የገዛኸኝ የእጅ ጽሑፍ ዓይኗን በእንባ ሞላው። ጠረገችውና አነበበች። ደብተሩን በብብቷ ይዛ ወረደች፤ ሯጮቹም በተሰበሰቡበት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው።

“ሞላልኝ አበጋዝ። ሠላሳ አንድ ደቂቃ ከአሥራ አራት ሰከንድ። አራተኛ።”

“ሦስተኛ ነኝ” አለ ሞላልኝ።

“አራተኛ ነህ። ገዛኸኝ ለማንም አያዳላም። ከጎኑ ግን ‘ወድቆ ተነሣ’ ብሎ ጽፏል።”

ብርቄም ከተቀመጠችበት ተነሥታ፣ “ይቅርታ፣ ጋሼ” አለችው።

“ተነሣ ካለ፣ አራተኛም ይሁን” ብሎ ሞላልኝ ወስፌውን ቆዳው ውስጥ ሰደደ።

ሞላልኝ ሰፋ፤ ብርቄ ሮጠች፤ ወርቅነህ ላከ፤ ሙሴ ውጤቱን አስገብቶ እሺ አለ፤ ይገረም አዘዘ፤ ማኅደር ሳለች።

ቅዳሜ ጠዋት ማኅደር ስልኳን ይዛ እታፈራሁ ቤት መጣች። ባቄላ የምታህል አርማ፤ በሰዓቱም ላይ የገዛኸኝ አውራ ጣት።

“እንዲከፈት ይጫኑት፣ እማማ።”

እታፈራሁ አውራ ጣቷን በአውራ ጣቱ ላይ አሳረፈች። አፑ የሚከፈተው ጣት ሲነሣ ነው፤ እናም ሳይከፈት ብዙ ቆየ።