«ቶሎ ይመልስልኝ» ያሉት አዋላጅ

ነገር ነገርን ይጎትታል፣ ገመድ ገመድን ይጎትታል። እኔ ጎትቼ ላውራ፣ እናንተ ጆሮ ስጡኝ።

ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ሥራዋ መጠየቅ ነው። የሶፍትዌር ሰዎች አንድ ነገር ከመሥራታቸው በፊት፣ የሚገለገሉበት ሰዎች ምን እንደሚፈልጉ ጠይቃ፣ ሰምታ፣ ለይታ ታመጣላቸዋለች። «ሥራሽ ምንድን ነው?» ሲሏት «መጠየቅ» ትላለች። «መጠየቅማ ሕፃንም ይጠይቃል» ቢሏት «ሕፃን ጥሩ ይጠይቃል፤ መልሱን እስኪሰማ አይቆይም እንጂ» ትላለች። በሥራዋ እንዲህ የምትኮራ ሴት ናት።

የትርንጎ መሥሪያ ቤት ለአንድ የዞን ደም ባንክ የስልክ መተግበሪያ ሠርቶ ነበር። የገጠር ጤና ጣቢያዎች ደም ሲቸግራቸው፣ የትኛው ሆስፒታል ምን ዓይነት ደም እንዳለው በስልካቸው ይጠይቁበታል። ከሁሉም ርቆ ያለው የጎሽ ሜዳ ጤና ጣቢያ ነው። እዚያ ሲስተር አረጋሽ የሚባሉ አዋላጅ ነርስ አሉ፤ የአካባቢው ልጅ ግማሹ በእጃቸው ላይ ነው የተወለደው። ትርንጎ መተግበሪያው እንዴት እንደያዛቸው ልትጠይቅ ሄደች።

«መልካም ነገር ነው፣ ልጄ» አሏት ሲስተር አረጋሽ። «አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው።»

«ምን ይሁንልዎ?»

«ደም አለ ወይ ብዬ ስጠይቅ፣ ቶሎ ይመልስልኝ።»

ትንሽ ነገር ናት። ትርንጎ «ይቺማ ቀላል ናት፣ ሲስተር» ብላ፣ ደስ እያላት ወደ ከተማ ተመለሰች።

ሄደች ወደ ናሆም። ናሆም የመተግበሪያውን ኮድ የሚጽፈው ነው።

«ናሆም፣ ናሆም፣ አፍጥነው። ናሆም ካላፈጠነ ለሲስተር አረጋሽ መልስ አይደርስም።»

«አላፈጥንም» አለ ናሆም፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። «ሯጭ ነኝ፤ እግሬን ግን አስራችሁታል። መጀመሪያ የይለፍ ቃል፣ ከዚያ በአጭር መልእክት የሚላክ ቁጥር፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ማረጋገጫ! ሐያት ቁልፉን ትቀንስ፤ ያኔ አፈጥናለሁ።»

ሄደች ወደ ሐያት። ሐያት የመረጃ ደኅንነት ኃላፊ ናት።

«ሐያት፣ ሐያት፣ ቁልፉን ቀንሺ። ሐያት ቁልፍ ካልቀነሰች ናሆም አያፈጥንም፤ ናሆም ካላፈጠነ ለሲስተር አረጋሽ መልስ አይደርስም።»

«አልቀንስም» አለች ሐያት። «ገጹ ላይ የታካሚዋ ስም አለ፣ የደም ምርመራዋ ውጤት አለ። ስልኩን ወድቆ ያገኘ ሁሉ የሰው ገመና ያንብብ? ወላሂ አላደርገውም! ዮዳሄ ስሙን ከገጹ ላይ ያንሣ፤ ያኔ እቀንሳለሁ።»

ትርንጎ ልትቆጣ ከጀላት፤ ግን በምን ትቆጣ? ሐያት የማታውቃቸውን ሴቶች ገመና እንደ እናቷ ገመና ነው የምትጠብቀው።

ሄደች ወደ ዮዳሄ። ዮዳሄ ሰው በስልኩ ላይ የሚያየውን ገጽ የሚነድፈው ነው፤ ለቀለም የሚጨነቅ፣ ጠማማ መስመር ካየ እንቅልፍ የማይወስደው ልጅ ነው።

«ዮዳሄ፣ ዮዳሄ፣ ስሙን አንሣው። ዮዳሄ ስም ካላነሣ ሐያት ቁልፍ አትቀንስም፤ ሐያት ቁልፍ ካልቀነሰች ናሆም አያፈጥንም፤ ናሆም ካላፈጠነ ለሲስተር አረጋሽ መልስ አይደርስም።»

«አላነሣም» አለ ዮዳሄ። «ወድጄ መሰለሽ ያስገባሁት? ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ቀበሌ፣ ዕድሜ፣ ይህ ሁሉ ካልተሞላ ጥያቄው አይላክ ያሉኝ አቶ ሽፈራው ናቸው። ገጼ ቆንጆ ነበረ፤ አሁን የገበያ ቀን ሚኒባስ መስሏል። እሳቸው ገጹን ያሳጥሩ፤ ያኔ አነሣለሁ።»

ሄደች ወደ አቶ ሽፈራው። አቶ ሽፈራው በደም ባንኩ የመረጃ ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ ከንግግራቸው በፊት መነጽራቸውን የሚወለውሉ፣ የረጋ ሰው።

«አቶ ሽፈራው፣ እባክዎ፣ ገጹን ያሳጥሩት። አቶ ሽፈራው ገጽ ካላሳጠሩ ዮዳሄ ስም አያነሣም፤ ዮዳሄ ስም ካላነሣ ሐያት ቁልፍ አትቀንስም፤ ሐያት ቁልፍ ካልቀነሰች ናሆም አያፈጥንም፤ ናሆም ካላፈጠነ ለሲስተር አረጋሽ መልስ አይደርስም።»

አቶ ሽፈራው መነጽራቸውን ወለወሉ።

«አላሳጥርም፣ የኔ ልጅ። ደም እኮ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ሰው ክንዱን ዘርግቶ የሰጠው ነው። ‹ደሜ ለማን ደረሰ?› ቢለኝ ምን ብዬ ልመልስለት? ደግሞም ዶክተር መአዛ በስብሰባ ላይ ‹ሁሉም አንደኛ ነው› ብለዋል። አንደኛ የተባለ ነገር እንዴት ይቆረጣል? እሳቸው ‹ይህ ይቅደም› ይበሉ፤ ያኔ አሳጥራለሁ።»

ሄደች ወደ ዶክተር መአዛ። ዶክተር መአዛ የደም ባንኩ ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ትርንጎ አሁን ትንፋሿን ስባ ነው የጀመረችው።

«ዶክተር፣ አንዱን ያስቀድሙልን። ዶክተር መአዛ ካላስቀደሙ አቶ ሽፈራው ገጽ አያሳጥሩም፤ አቶ ሽፈራው ገጽ ካላሳጠሩ ዮዳሄ ስም አያነሣም፤ ዮዳሄ ስም ካላነሣ ሐያት ቁልፍ አትቀንስም፤ ሐያት ቁልፍ ካልቀነሰች ናሆም አያፈጥንም፤ ናሆም ካላፈጠነ ለሲስተር አረጋሽ መልስ አይደርስም።»

ዶክተር መአዛ ሳቃቸው መጣ፤ ግን ወዲያው ኮስተር አሉ።

«አላስቀድምም፣ ትርንጎ። የደም ነገር ነው፤ የቱን ሁለተኛ ልበለው? ፍጥነትን ሁለተኛ ብል ሰው ይሞትብኛል። ምስጢርን ሁለተኛ ብል ሰው ይዋረድብኛል። ትክክለኛነትን ሁለተኛ ብል መኪናው በከንቱ ይሄድብኛል። ለመሆኑ ‹ቶሎ› ምንድን ነው? ለእኔ ቶሎ ማለት ዛሬ ነው፤ ለናሆም የዓይን ጥቅሻ ነው። ሲስተር አረጋሽ ቶሎ ያሉት ምን እንደሆነ፣ ከምን እንደሚበልጥባቸውም ይንገሩን፤ ያኔ አስቀድማለሁ።»

ትርንጎ ደረጃው ላይ ቆመች። ማንም ክፉ አልሆነባትም፤ ሁሉም እውነት ይዞ ነው የቆመው። ግን እውነት ሁሉ እኩል በር ላይ ሲጋፋ ማንም አይገባም። በማግስቱ ጠዋት ተሳፍራ ጎሽ ሜዳ እስክትደርስ በየኩርባው ስታስበው ነበር፦ ሲስተር አረጋሽ ቶሎን ካልነገሩን ዶክተር መአዛ አያስቀድሙም፤ ዶክተር መአዛ ካላስቀደሙ አቶ ሽፈራው ገጽ አያሳጥሩም፤ አቶ ሽፈራው ገጽ ካላሳጠሩ ዮዳሄ ስም አያነሣም፤ ዮዳሄ ስም ካላነሣ ሐያት ቁልፍ አትቀንስም፤ ሐያት ቁልፍ ካልቀነሰች ናሆም አያፈጥንም፤ ናሆም ካላፈጠነ ለሲስተር አረጋሽ መልስ አይደርስም!

ስትደርስ ዝናብ ይዘንባል። ሲስተር አረጋሽ አንዲት እናት አገላግለው እጃቸውን ሲታጠቡ አገኘቻቸው።

«ሲስተር፣ ‹ቶሎ› ስንት ነው?»

«ቶሎማ ቶሎ ነው» ብለው ሳቁ።

«እሺ፤ እናቲቱ ወልዳ ደም አልቆም አላት እንበል። ስልኩ የት ነው?»

«እዚሁ አጠገቤ፣ ጠረጴዛው ላይ።»

«እጅዎስ?»

«አንዱ እጄ ከሆዷ አይነሣም፣ እየጫንኩ ነዋ! ሌላው...» እጃቸውን ዘርግተው እንደ ሌላ ሰው እጅ አዩት። «ለካ በጓንት ነው የምነካው። በአውራ ጣቴ።»

«ነክተው ምን ያህል ይጠብቃሉ?»

«አንድ ትንፋሽ። ከዚያ ካለፈ ስልኩን ትቼ ወደ እናቲቱ ነው።»

«ኔትወርክ ባይኖርስ?»

«ዝናብ ሲጥል የለም። ምጥ ደግሞ ዝናብ አይፈራም።»

ትርንጎ ወንበሯን አቀረበች። ከዚህ በኋላ ያለው ጥያቄ ከባድ መሆኑን ታውቃለች፤ እንዲህ ዓይነቱን መጠየቅ ነው ሙያዋ።

«ሲስተር፣ ፈጥኖ አንዳንዴ የሚሳሳት ይሻልዎታል፣ ወይስ ዘግየት ብሎ የማይሳሳት? ሁለቱንም አይበሉኝ። አንዱን።»

ሲስተር አረጋሽ እጃቸውን በፎጣ ማድረቅ ያዙ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። ትርንጎ አልቸኮለችም፤ ቁጭ ብላ ጠበቀች።

«ይህ መተግበሪያ ሳይመጣ ነው» አሉ ኋላ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በስልክ ደወልኩ፤ ‹ደም አለ› አሉኝ። አምቡላንሱ እናቲቱን ይዞ በረረ። ሲደርስ ማቀዝቀዣው ባዶ! ለካ ጠዋት ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፤ የነገረኝ አላወቀም። እንደገና ዞረው ወደ ሌላ ሆስፒታል። ተመስገን፣ በሕይወት ደረሰች። እኔ ግን ያን መንገድ እስከ ዛሬ በሐሳቤ እሄደዋለሁ።»

ቀና አሉ።

«የውሸት ‹አለ› ከሚመጣልኝ የእውነት ‹የለም› ይምጣልኝ። ‹የለም› ካለኝ መኪናውን ወደ ሌላ አዞራለሁ። እውነቱ ይቅደም። ቀጥሎ፣ ኔትወርክ ቢጠፋም መጨረሻ የሰማውን ይንገረኝ፤ የስንት ሰዓት ወሬ እንደሆነም ይንገረኝ። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ይሁንልኝ።»

«ስሟስ? ቀበሌዋስ?»

«ደሙ ይድረስ እንጂ! ስሟንማ ኋላ ቁጭ ብላ ራሷ ትነግረኛለች።»

«የገጹ ማማርስ?»

«ያን ጊዜ ማማር የማይበት ዓይን የለኝም፣ ልጄ። ፊደሉ ጉልህ ይሁን።»

ትርንጎ ብዙ ሰው ጠይቃለች፤ እንዲህ ያለ መልስ ግን ይዛ ተሳፍራ አታውቅም። በመንገዱ ሁሉ ለብቻዋ ፈገግ ትል ነበር።

ዶክተር መአዛ እስከ መጨረሻው ሰሟት። ወዲያውኑ ሁሉንም ጠሩና ቆመው ተናገሩ፦ «እውነት ይቅደም። ያለ ኔትወርክ መሥራት ይከተል። ፍጥነት ሦስተኛ ይሁን፤ ልኩም አንድ ትንፋሽ ነው። ማማር መጨረሻ ይሰለፍ። ምስጢርን ግን ወረፋ አላስይዘውም፤ የሰው ስም መጀመሪያውኑ ካልገባ አይወጣም። የወሰንኩት እኔ ነኝ፤ ጥያቄ ቢመጣ ወደ እኔ ላኩት።»

ዶክተር መአዛ ሲያስቀድሙ፣ አቶ ሽፈራው ገጹን አሳጠሩ። የደም ዓይነትና መጠን ብቻ ቀረ፤ ሌላው ደሙ ከደረሰ በኋላ በወረቀት መዝገብ ላይ ይሞላል። እሳቸውም በዚያ አላበቁም፤ በየሆስፒታሉ አንድ ከረጢት ደም ከማቀዝቀዣ ሲወጣ በዚያው ቅጽበት ወሬው እንዲደርስ አደረጉ። «እውነት አንደኛ ከሆነ ጠባቂው እኔ ነኝ» አሉ።

አቶ ሽፈራው ገጹን ሲያሳጥሩ፣ ዮዳሄ ስሙን አነሣ። ለጓንት ጣት የሚሆን ትልቅ የመጫኛ ቁልፍም ሣለ።

ዮዳሄ ስሙን ሲያነሣ፣ ሐያት «አሁን የሚሰረቅ ገመና የለም» ብላ የይለፍ ቁልፉን ቀነሰች።

ሐያት ቁልፉን ስትቀንስ፣ ናሆም አፈጠነ። እንዴት አፈጠነ! ኔትወርክ ቢጠፋም ስልኩ መጨረሻ የሰማውን ከነሰዓቱ እንዲናገር አድርጎ፣ ትርንጎን «ተንፍሺ» አላት። አየር ስባ ሳታስወጣ መልሱ ስክሪኑ ላይ በራ። ፍጥነት አንደኛ ተብሎ ሲጋፋ ያላገኘውን መንገድ፣ ሦስተኛ ተብሎ ሲሰለፍ አገኘው።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጎሽ ሜዳ ላይ ደመናው ከብዶ ሳለ፣ ወርቄ የምትባል እናት ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቱ አለቀሰች፤ የእናቷ ደም ግን አልቆም አለ። ሲስተር አረጋሽ በአንድ እጃቸው ሆዷን ጫኑ፣ በሌላው አውራ ጣት ስልኩን ነኩ። ትንፋሻቸውን ሳይጨርሱ መጣ፦ የዞኑ ሆስፒታል፣ የለም። የጎረቤት ወረዳው ሆስፒታል፣ አለ።

የአምቡላንሱ ሹፌር ሞተሩን አስነሥቶ ፊቱን ወደ ዞኑ አድርጎ ነበር።

«አዙረው!» አሉት። «ወደ ጎረቤት ወረዳ!»

አዞረው። ወርቄ ደረሰች፣ ደሙም ጠብቋት ነበር። በሦስተኛው ቀን ወደ ጎሽ ሜዳ ተመልሳ፣ ተቀምጣ ልጇን እያጠባች ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ ቀበሌዋን ነገረቻቸው፤ ሲስተር አረጋሽም መዝገቡን ሞሉት።

ከዚያ ለትርንጎ ደወሉ። ድምፃቸው እንደ ሙሽራ እናት ነው።

«ልጄ፣ መለሰልኝ! ‹የለም› አለኝ! ‹የለም› ብሎ አዳነልኝ!»

ትርንጎ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ «መለሰ!» ብላ ጮኸች። ቢሮው ተነሣ።

«ያፈጠንኩት እኔ ነኝ!» አለ ናሆም።

«ቁልፉን የቀነስኩት እኔ ነኝ!» አለች ሐያት።

«ስሙን ያነሣሁት እኔ ነኝ!» አለ ዮዳሄ።

አቶ ሽፈራው ሲነገራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ «እውነቱን የጠበቅኩት እኔ ነኝ» አሉ። ዶክተር መአዛም «ያስቀደምኩት እኔ ነኝ» አሉ። ችግሩን ሁሉም ለጎረቤቱ አሳልፎ ሰጥቶ ነበር፤ ኩራቱን ግን አንዱም ለሌላው አላሳለፈም።

ትርንጎስ? ትርንጎ ወንበሯ ላይ ተመቻችታ ተቀመጠችና «የጠየቅኩት እኔ ነኝ» አለች።

ወሬው ይኸው ነው። ለሰማችሁ ዕድሜ፣ ለወላዶቻችን ሁሉ በሰላም መገላገል ይስጥ።