ቅቤ የተቀባው አውራ በግ

ተረት ተረት!
— የላም በረት!
ላም ማን አለ? የዛሬው የበግ ነው። እንደገና! ተረት ተረት!
— የበግ በረት!
እንዲያ ነው እንጂ።

በድሮ ዘመን፣ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ በሚገባበት በመንዝ አገር፣ አያ ላቀው የሚባል በግ አርቢ ነበር። ሚስቱ ይርገዱ የበጎቹን ጠጉር ትፈትላለችና እሱ ባና ይሸምናል። ባናው ታዲያ ምን ዋጋ አለው! ብርዱን ይከለክላል፣ ገላን ግን እንደ እሾህ ይወጋል። ይርገዱ ሰውነቷን ስታክ ታድራለች።

አንድ ቀን ጠዋት ጓዟን ጠቀለለችና፦
«በቃኝ! በዚህ ባና ከማድር አባቴ ቤት መሬት ላይ ብተኛ ይሻለኛል» አለች።

አያ ላቀው ሚስቱን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚወዳት። ደነገጠና፦
«እባክሽ! ጠጉሩን አለሰልሰዋለሁ። በጎቹ እስኪሸለቱ ብቻ ታገሽኝ» አላት።

እሷም እሺ አለች። ጓዟን ግን አልፈታችውም።

አሰበ፣ አሰበ። የሴት ጠጉር በምን ይለሰልሳል? በቅቤ! የቅቤውን ቅል አንሥቶ ወደ በረት ሮጠ። እዚያ ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ ሲራመድ መሬቱን የሚንቅ አውራ በግ አለው። ስሙን ቀኛዝማች ብሎታል። ሰው በሚስቱ ይኮራል፣ እሱ በዚህ በግ ይኮራል። ቀኛዝማችን ከቀንዱ እስከ ላቱ በቅቤ አሸው።

ኧረ ጉድ! ፀሐይ ስትወጣ ቅቤው ቀለጠ። አቧራው ተለጠፈ፣ ገለባው ተለጠፈ፣ የመንደሩ ውሻ ሁሉ እየላሰ ተከተለው። ከዚያም ተሸለተ። ጠጉሩን በደጋን ቢመቱት፣ ቢመቱት፣ እንደ ጭቃ ተላቁጦ አልፍታታም አለ።

ይርገዱ ባዶውን ቅል አየችና ጮኸች፦
«አንተ ሰው! ለእኔ ራስ ቅቤ የለም ስትል ከርመህ በግ ትቀባለህ?»

ከዚያ ሳቋ አመለጣት። እየሳቀች እጁን ይዛ በረት አስገባችውና፦
«ዓይንህን ጨፍንና ግልገሎቹን ዳስስ» አለችው።

ጨፈነ። አንዱን ዳሰሰና «ይወጋል» አለ። ሌላውን ዳሰሰና «ይኸም ይወጋል» አለ። ቀጥሎ ያለውን ሲነካ እጁ ጠጉሩ ውስጥ ሰጠመ።
«ይኸ! ይኸ ነው!» ብሎ ዓይኑን ገለጠ።

ለካ ቀንድ የለውም እያለ የሚሳለቅበት ጠቦት ነው! እናቱ ከጎረቤት መንጋ ተቀላቅላ ከሌላ አውራ የወለደችው።

ይርገዱም፦
«የወጉህ ሁሉ የቀኛዝማች ልጆች ናቸው። ጠጉሩን ከአባታቸው ነው የወረሱት፣ ቅቤ ምን ያደርግልሃል? ወይ ቀኛዝማች ይሸጥ፣ ወይ እኔ ልሂድ!» አለች።

አያ ላቀው ማሰብ ጀመረ። እናንተ ልጆች፣ ይኸ ይታሰብበታል? ይርገዱ ጓዟን አንሥታ ከግቢው ወጣች!
«ኧረ ተይ! ይሸጥ! ይሸጥ!» እያለ በባዶ እግሩ ተከትሏት ሮጠ።

ቀኛዝማች ገበያ ሲነዳ አያ ላቀው አለቀሰ፣ ምን ይደረግ። ቀንድ የለሹ አደገና የመንጋው አውራ ሆነ። ግልገሎቹም እሱን መሰሉ። ያን ጊዜ ይርገዱ ፈተለችና አያ ላቀው አዲስ ባና ሸመነ።

ይርገዱ ለብሳው ተኛች። ዶሮ ጮኸ፣ አልሰማችም። ነጋ፣ አልሰማችም። አያ ላቀው ራሱ ተነሥቶ እሳት አነደደ፣ በረቱን ጠረገ፣ ብርዱ አንቀጠቀጠው። ተመልሶ ከባናው ሥር ልግባ ቢል ተጠቅልላበታለች፤ ጫፉ አይገኝም።
«ይርገዱ... ኧረ ይርገዱዬ...»

ዓይኗን ሳትገልጥ ባናውን ከፈት አደረገችለት፦
«ና ግባ፣ አንተ ሞኝ። ለሁለት አይደል የሸመንከው?»

ገባ። ከዚያ ማን ይነሣ! የዚያን ቀን በጎቹን ጎረቤት አሰማራላቸው።

በሉ ተረቴን መልሱልኝ፣ አፌን በዳቦ አብሱልኝ። ትኩሱን ነው የምላችሁ፤ ደረቁን ጥርስ ላለው ስጡት!