ያልተቀመሰው መረቅ

ሰው ዝም ብሎ አይተርትም። በዋርካ በር መንደር፣ ሹም ደንብ ሲያጠብቅ ሰዉ ሁሉ ጣል የሚያደርጋት አንዲት አባባል አለች፤ መነሻዋም የእትዬ አስካለች ጓሮ ነው።

ያን ዓመት ሁዳዴና ረመዷን ገጠሙ። እትዬ አስካለች ምላሷ ምላጭ፣ ጾሟም የማይነቃነቅ ሴት ነበረች። የቀበሌው ስብሰባ ላይ ብድግ አለችና፣ በሁዳዴ የጥብስ ሽታ መልቀቅ ጾመኛን መናቅ ነውና እስከ ፋሲካ ዕርድ ይከልከል አለች። ወዲያ ማዶ የተቀመጡት ሙስሊሞች ደግሞ፣ የእናንተ ከተከበረ የእኛም ይከበር፣ በረመዷን ቀን ቀን ምግብ አይሸጥ አሉ። ከዚያ ጾም ማመዛዘን ተጀመረ። አንዱ የእኛ ሃምሳ አምስት ቀን ነው ይላል፤ ሌላው የእኛ ውኃ እንኳ አያስቀምስም ይላል። የበሬ ገበያ እንጂ የጾም ወሬ አይመስልም ነበር። ሊቀመንበሩ አቶ ማንደፍሮ መጀመሪያ ላይ መንግሥትና ሃይማኖት ለየብቻ ነው ብሎ ነበር፤ ሁለቱም ወገን ሲያጉረመርምበት ግን ሁሉንም በአንድ ወረቀት ጻፈና ማኅተሙን አሳረፈበት። በቤትም በደጅም ዕርድ ቀረ፤ ቀን ምግብ መሸጥም ቀረ። እትዬ አስካለች አጨበጨበች። ማጨብጨብ ቀላል ነው፤ እጅ እንጂ ሆድ አይጠይቅም።

በሳምንቱ ጎረቤቷ ዘምዘም ሴት ልጅ ወለደች። የዘምዘም እናት ሞታለች፤ ባሏ ጭነት ይዞ ሩቅ አገር ነው። ብዙ ደም ስለ ፈሰሳት ፊቷ አመድ መስሏል፤ ጡቷ ደርቆ ሕፃኗ ታለቅሳለች። ያዋለደቻት ነርስ፣ ሥጋና መረቅ ካላገኘች አትጠናም፣ ልጅቷም አትተርፍ ይሆናል ብላ ሄደች።

እትዬ አስካለች ወደ ባለ ሥጋ ቤቱ ወደ ኢብሬ ሮጠች። በሩ ላይ ወረቀቱ ተለጥፏል።

"እትዬ፣ እኔ ምን ላርግ?" አለ ኢብሬ። "እርስዎ ያጨበጨቡበት ነው እኮ።"

 

ወደ ቀበሌ ሄደች። አቶ ማንደፍሮ ማመልከቻ አጽፈሽ አምጪ፣ ኮሚቴው ቅዳሜ ያየዋል አላት። ቀኑ ሰኞ ነበር። ቄስ ጥበቡን ጠየቀች፤ አራስ ደግሞ ምን ጾም አለባት አሉ። ሸህ አሊዩን ጠየቀች፤ እሳቸውማ አራስ ልጹም ብትል እንኳ አይፈቀድላትም አሉ። ሁለቱ መጻሕፍት ተስማምተዋል፤ አልስማማም ያለችው እሷው ራሷ ያስጻፈችው ወረቀት ናት።

"እንግዲያው ኑና አጠገቤ ቁሙልኝ" አለቻቸው ሁለቱንም።

ለፋሲካ የቀለበችው ሙክት ጓሮዋ ታስሯል። ክርስቲያን ያረደውን ደግሞ ዘምዘም አትበላም። ስለዚህ ኢብሬን እጁን ይዛ አመጣችው።

"ቅጣት ከመጣ በእኔ ነው። አንተ ቢስሚላህህን በል" አለችው።

መረቁ ሲፈላ ሌላ ጣጣ መጣ፤ ጨው የሚቀምስ ጠፋ። አስካለች ጾመኛ፣ ኢብሬ ጾመኛ፣ ቄሱም ሸሁም ጾመኛ። በግምት ጨው ጣል አድርጋ ዘምዘም ቤት ወሰደችውና፣ አራሷን በክንዷ ደግፋ በማንኪያ ታጠጣት ጀመር።

"ጨው አነሰው?"

"በዝቷል፣ እትዬ" አለች ዘምዘም፣ ከወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ።

"ጠጪው ልጄ። እኔ ያበዛሁት ጨው ብቻ አይደለም።"

እንዲህ እያለች ሦስት ቀን አጠጣቻት። በሦስተኛው ቀን ቄሱና ሸሁ አራስ ሊጠይቁ መጥተው እንደ ተቀመጡ፣ ወሬ የደረሰው አቶ ማንደፍሮ ወረቀቱን በእጁ ይዞ ከች አለ። ደንብ ተጥሷል አለ።  የዘምዘም ጡት አግቶ፣ ሕፃኗ ምጥጥ አድርጋ ስትጠባ ድምጿ ብቻ ይሰማ ነበር። ሰውዬው ቆሞ አያት፤ ወረቀቱን አጠፈው፤ መልሶ ዘረጋው።

"እኔ እኮ ሃይማኖታችሁን ላስከብር ብዬ ነው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እትዬ አስካለች አንገቷን ደፋች፤ እሷም ይህንኑ ብላ ነበርና። ያን ጊዜ ሸህ አሊዩ ወረቀቱን በከዘራቸው ጫፍ ነካ አድርገው እንዲህ አሉት፦ "አየህ ልጄ፣ ፈጣሪ የማራትን አራስ ማኅተም አስጾማት።"