የታዘለችው ዝንጀሮ

አንድ እግሯ የማይታዘዝላት ልጄ ትርፌ፣ ከትምህርት ቤት አዝያት ስመለስ «እማዬ፣ እስከ መቼ ታዝይኛለሽ?» አለችኝ። «ተረት ተረት» አልኳት።

«የላም በረት» አለች።

አንዲት ዝንጀሮ አንድ እጅ ብቻ ያላትን ልጇን አዝላ ወደ ማደሪያቸው ገደል ስትወርድ፣ ነብር ከላይ ደረሰባቸው። የረገጠችው ድንጋይም ሁለቱን መሸከም አቅቶት ይናድ ጀመር።

«አውርጂኝ፣ እማ።»

«ገደሉን በአንድ እጅ?»

«ይህን የተንጠለጠለ ሐረግ በጥርሴ እይዛለሁ።»

እናት አወረደቻት። ነብሩ አፋፉ ላይ ቀርቶ፣ ልጅቱ ሐረጉን ነክሳ ቀስ እያለች ወረደች፤ ጠጠር በተንሸራተተ ቁጥር እናት ዓይኗን ትጨፍናለች።

ከታች አንድ ጎረምሳ ዝንጀሮ «ጥርስሽ እንዳይወልቅ» ብሎ ቀለደባት።

አጠገቡ ስትደርስ «ዞር በል፣ መቀመጫዬን ይዘኸዋል» አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ትርፌን ምርኩዝ አስያዝኳትና፣ ስመ ሥላሴን ጠርቼ፣ ከኋላ ከኋላዋ ሄድኩ።