የሚያንኮራፋው ማነው?

ምላሱ ከምላጭ የሰላ አንድ የመንዝ ሰው፣ ሊዝቤት የምትባል ፈረንጅ ወድዶ እስከ አውሮፓ ተከትሏት ሄደ አሉ። ሰርግ አልደገሱም፣ ቀለበት አላሰሩም፤ እንዲያው አንድ ጣራ ሥር መኖር ብቻ። የአገሯ ሕግ ግን ሳይጋቡም አብሮ መኖሩን ላስረዳ ሰው የመኖሪያ ፈቃድ ይሰጣል። ፈቃዱን ሊለምኑ ባለሥልጣን ፊት ቀረቡ።

ባለሥልጣኑ ሆዱ ቢሮ ገብቶ እሱ ገና ደጅ የሚቀር ኩሩ ነበር። ለየብቻ አስገብቶ፣ "ሌሊት የሚያንኮራፋው ማነው?" አላቸው።

ሊዝቤት፣ "እሱ ነዋ! መስኮቱ ሁሉ ይርገፈገፋል" አለች።

እሱ ደግሞ፣ "እሷ ናት እንጂ ጌታዬ! እኔማ ጎረቤት ወፍጮ የተከለ መስሎኝ እህል ተሸክሜ ልወጣ ነበር" አለ።

ባለሥልጣኑ ሁለቱንም አስጠርቶ ጠረጴዛውን ደበደበ። "ያዝኳችሁ! ቃላችሁ አልገጠመም፤ አብራችሁ አትኖሩም። አንተ ነገ ወደ አገርህ ትሳፈራለህ!"

ሊዝቤት እንባዋ መጣ። ሰውየው ግን ጋቢውን አስተካክሎ፣ "እሺ ጌታዬ። እርስዎ ቤትስ የሚያንኮራፋው ማነው?" አለ።

"ሚስቴ ናታ!"

"እንግዲያው እሜቴም ይጠሩና ይጠየቁ። ቃላችሁ ካልገጠመ ነገ አብረን እንሳፈራለን።"

ባለሥልጣኑ ሚስቱ ከምትጠራ ብሎ ፈቃዱን እዚያው ሰጠው አሉ።